የእማዬ አርብ

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ስልክ ደወለችልኝ። የአቡ ዳቢ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ኮሚቴ የቴአትር አዘጋጇን እትዬ ሮማንን ሊያመሰግን ነው፤ መጽሔት እየተዘጋጀ ነው፤ እርስዎም በመጀመሪያው ቴአትር ጊዜ ከነበሩት ልጆች አንዷ ስለሆኑ ትንሽ ትዝታ ቢጽፉልን አለችኝ። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ደስ የሚል ነገር ይሁን አለች። እሺ አልኳት። ግን ቦታውን እንደገና ሳላይ አልጽፍም ብዬ አንድ ቅዳሜ ወደ አቡ ዳቢ፣ አል ናህያን ሰፈር ሄድኩ።

ያኔ ማኅበሩ ምድር ቤቱን ተከራይቶት የነበረው ቪላ አሁን የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፣ በሩ መስታወት ሆኗል። ደረጃው ሥር ግን የማቀዝቀዣው ውሃ ዛሬም ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። የእርጥብ ምንጣፍ፣ የአቧራና የቀዘቀዘ ብረት ሽታ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ቀጠሮ አለዎት ወይ አለችኝ። የለኝም አልኳት። ትንሽ ቆሜ አሸተትኩና ወጣሁ። ደስ የሚል ነገር አልመጣልኝም። የመጣልኝን ጽፌዋለሁ፤ መጽሔቱ ካላወጣው የራሱ ጉዳይ ነው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ አል ዐይን ከተማ፣ ዛኸር ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ነበር የምንኖረው። እናቴ የቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች። እንዴት ከእሷ ጋር ልኖር እንደቻልኩ፣ አባቴ የት እንደነበር፣ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በማን ስም እንደወጣ እዚህ አልጽፍም። የሚመለከታቸው ያውቁታል።

ስለ እማዬ መናገር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። በዚያ ቤት በየቀኑ ሥጋ ታበስላለች፤ አንድም ቀን ግን ቀምሳው አታውቅም። የአገሩ ሥጋ ሙስሊም የባረከው ነው፤ እሷ ደግሞ ክርስቲያን ያላረደውን አልቀምስም ብላ ያደገች ናት። እዚህ የመጡ ብዙ ክርስቲያኖች ይህን ነገር ቀስ እያሉ ይተዉታል፤ ማንም ግን አያወራውም። እማዬ አልተወችውም። እኛ ሥጋ የምንበላው ለገናና ለፋሲካ፣ የምናውቀው ሰው ዶሮ አርዶ ሲልክልን ብቻ ነበር። የቤቱን ምግብ ስታበስል ጨዉን የምታውቀው በማሽተት ነው። ክዳኑን ታነሣለች፣ ፊቷን እንፋሎቱ ላይ ታደርጋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ወይ ትጨምራለች ወይ ትከድነዋለች። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ ይህን አታውቅም ነበር። ምግቡን ስታመሰግን ግን ሰምቻለሁ።

ሽታው ያልበቃት ቀን ዘሀራ ነበረች። ዘሀራ ጓደኛዬ ናት፤ ወሎዬዎች ናቸው፣ ሙስሊሞች። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል እንማራለን። ስንመለስ በጓሮው በር በኩል ወጥ ቤት ትገባለች፤ እማዬም ማንኪያውን ነክራ፣ “ዘሁዬ፣ እስቲ ቅመሺልኝ” ትላታለች። ዘሀራ መጀመሪያ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች። ቀጥሎ ግራ ዓይኗ ይጠባል። ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው ዝም ትላለች። እማዬ ማንኪያውን እንደያዘች ትጠብቃታለች። እኔ እቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ አያለሁ። እናቴ እኔን እንዲያ አድርጋ ጠብቃኝ አታውቅም።

የቴአትሩን ወሬ ያመጡት የዘሀራ አባት ናቸው። ጋሽ ሙሄ ሹፌር ነበሩ። ሳምንቱን ለአንድ መሥሪያ ቤት ይነዳሉ፤ አርብ ሲሆን፣ ያኔ የዕረፍት ቀን አርብ ነበር፣ የአገራችንን ሰዎች ከአል ዐይን አቡ ዳቢ በሚኒባስ ያመላልሳሉ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ የአቡ ዳቢው ማኅበር ቴአትር ሊያሳይ ነው፣ አንዲት ልጅ ትፈለጋለች፣ በሚቀጥለው አርብ ፈተና አለ አሉ። የሚታየውም በኀምሳው ቀን ውስጥ ነው። ክርስቲያኑ በዚያ ወራት አርብን ስለማይጾም አዘጋጇ ሆን ብለው ነው የመረጡት፤ ምክንያቱን ኋላ ነው ያወቅኩት።

እኔ ቴአትር ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። ሙሽራና ሙሽሪት አሉበት ሲሉኝ በእውነት የሚጋቡ መስሎኝ፣ ለምን አል ዐይን ድረስ ልጅ እንደሚፈልጉ ገርሞኝ ነበር። ልጅቷ የሙሽራዋን እህት ሆና ትሠራለች ሲሉኝም፣ ሙሽራዋ እህት የላትም እንዴ ብዬ አዝኜላት ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

እማዬ አርብ አልነበራትም። ሌሎቹ ሴቶች አንዳንዶቹ በወር አንድ፣ አንዳንዶቹ በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ያገኛሉ። በእኛ ቤት ግን አርብ የማዳም ወንድሞችና እህቶች ከነልጆቻቸው ለምሳ የሚሰበሰቡበት ቀን ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ እማዬ ከግቢው የወጣችው ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ፈቃድ ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም። ለእኔ የሚከብደኝ ግን ሌላው ነበር። በዚያ ቤት እናቴ ተቀምጣ ሰው ሲያቀርብላት አይቼ አላውቅም። ትቆማለች። ስትበላም ቆማ ነው። ክፍላችን ገብታ ስትቀመጥም ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል።

እማዬን ሳላማክር ማዳም ጋ ሄድኩ። ሳሎን ሻይ ይዤ ገብቼ፣ ቴአትር ብሠራ እናቴ መጥታ እንድታየኝ አንድ አርብ ትሰጫታለሽ ወይ አልኳት። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ወረቀት የምትወድ ሰው ነበረች። ሳቀችና ወረቀት አምጪ አለች፤ ማኅበሩ የጻፈው፣ ስምሽ ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት። ወረቀቱ ከመጣ ኸላስ፣ በቃ፣ አርቡ የእናትሽ ነው፤ ምሳውን ከምግብ ቤት አስመጣለሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም ማለት ይቻላል። ስሜና ማኅተም። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ንግግሩን ጋሽ ሙሄ በወረቀት አስገልብጠው አመጡልን። ሠርግ ነው። የሙሽራው እናት የሠርጉን ዶሮ ወጥ በገዛ እጄ ሠራሁት እያሉ ሲኩራሩ፣ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ትቀምስና በሰው ሁሉ ፊት ጨው የለውም ትላለች። ከዚያ ነገሩ ይገለጣል፤ ወጡን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ልጅቷ አሥራ ሁለት ንግግር አላት። ዘሀራና እኔ አንሶላ ከሚሰጣበት ገመድ ኋላ ተደብቀን ስንለማመድ ሰነበትን። እኔ በሁለት ቀን በቃሌ ያዝኩት። ዘሀራ ግን እየረሳች ከራሷ ትጨምርበታለች፤ ሳርማት ትስቃለች። ማናችንም ብናገኝ እንዳንጣላ ብለን ተማማልን። እኔ የማልኩት እንደማሸንፍ ስለማውቅ ነው።

አርብ ማለዳ ጋሽ ሙሄ በስዌይሃን በኩል ዞሩ፤ ለአንድ የግመል እርሻ የታሰረ ሣር ማድረስ ነበረባቸው። ሚኒባሱ ሣር ሣር ይሸታል። ከኋላ ሁለት ሴቶች ያንቀላፋሉ። እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ንግግሬን እደግማለሁ። ጋሽ ሙሄ በመስታወቱ አዩኝና፣ “ሁለት አርቲስት ጭኜ አላውቅም፤ ግመል ግን ጭኛለሁ” አሉ። “ልዩነት የለውም። ሁለቱም ሲናደዱ ይተፋሉ።” ዘሀራ እየሳቀች ትከሻዬን መታችኝ። እኔ አልሳቅኩም። ማኅተሙ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ነበር የማስበው።

ጋሽ ሙሄ እኛን አል ናህያን አውርደው ወደ ጁምዓ ሶላታቸው ሄዱ። በቪላው ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰው አለ። ከፊት ያሉት እትዬ ሮማን ነበሩ። የአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ፤ ተረከዙ ቀጭን የሆነ ጫማ፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ መነጽር፣ ጆሯቸው ላይ የተሰካ እርሳስ። በዚያን ጊዜ አንቱ ማለት ስላስለመዱኝ አሁንም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠብቁ። ቴአትሩን የጻፉትም የሚያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። በእኔ መድረክ ውሸት የለም ይሉ ነበር። የሚያለቅስ እንባ ማምጣት አለበት፣ የሚበላ መዋጥ አለበት። ለዚህ ነው በኀምሳው ያደረጉት፤ አርብ ቀን ዶሮ ወጥ መድረክ ላይ እንዲበላ።

ከመጀመሩ በፊት እጄን ልታጠብ ብዬ የኋላውን ክፍል ከፈትኩ። እትዬ ሮማን ብቻቸውን ቆመው ሻዋርማ እየበሉ ነበር። ሻዋርማውን ከነወረቀቱ ወደ ታች አወረዱት። “ምን ታያለሽ?” አሉኝ። “በሩን ዝጊ።” ዘጋሁት። ያኔ ምንም ክፉ አላሰብኩም። እንደሳቸው ያለ ትልቅ ሰው፣ ማተብ ያለው ሰው፣ የማይሆን ነገር አይበላም፤ እንግዲህ አቡ ዳቢ ትልቅ ከተማ ስለሆነ ክርስቲያን የሚያርድበት የሻዋርማ ቤት አለ ብዬ ነው የወሰንኩት። ለእማዬ እነግራታለሁ፣ ደስ ይላታል ብዬም አሰብኩ።

ልጆቹ አምስት ነበርን። ሦስቱ የከተማ ልጆች ናቸው፤ አማርኛቸው ከእንግሊዝኛ ጋር ተቀላቅሏል። መድረኩ ላይ ድስት ቀረበ፣ ክዳኑ ተነሣ፤ እውነተኛ ዶሮ ወጥ ነው። አጠገቤ ያለችውን ልጅ ማን ነው ያረደው አልኳት። ምኑን አለችኝ። ዶሮውን። ግራ ገብቷት አየችኝና፣ “ከሱፐርማርኬት ነዋ፤ ፍሮዘን ነው” አለች። ዶሮ የሚታረድ ነገር መሆኑን ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ሦስቱ ልጆች ተራ በተራ ወጥተው ቀመሱ፣ ተናገሩ፣ ወረዱ። ስለ ዶሮው ማንም ምንም አላላቸውም። አራተኛዋ ዘሀራ ነበረች። ማንኪያውን አነሣች። ከንፈሯ ሞጠሞጠ፤ ግራ ዓይኗ ጠበበ፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ዝም አለች። ሠላሳ ሰው አብሯት ዝም አለ። ንግግሩን ረስታው ነበር፤ በወረቀቱ ያለውን ትታ፣ “እትዬ፣ ጨው ይቀረዋል” አለች፤ በቃ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ሮማን እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው የሆነ ነገር ጻፉ። እኔ አልሳቅኩም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። በእናቴ ወጥ ቤት፣ በእናቴ ማንኪያ የተሠራ ፊት ነው።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ።

የሙስሊም ሥጋ የቀመሰ ክርስቲያን ማተቡ ከአንገቱ ላይ ራሱ ተበጥሶ ይወድቃል ብዬ ነበር የማምነው። ማንም አልነገረኝም፤ ከእማዬ ዝምታ የወሰድኩት ነው። ስለዚህ መድረኩ ላይ ስወጣ በግራ እጄ ማተቤን ጨብጬ ነው የወጣሁት፤ ሲበጠስ ሰው ፊት እንዳይወድቅ። ሌሎቹ የበሉት በማንኪያ ጫፍ ነው። እኔ የዶሮዋን ጭን አነሣሁ። ዘሀራን ማሸነፍ የምችለው ከእሷ በላይ በመብላት ነው ብዬ ነበር። ነከስኩ፣ አኘክሁ፣ ዋጥኩ። አሥራ ሁለቱንም ንግግር አንዲት ቃል ሳላጎድል ተናገርኩ፤ ደግሜ ነከስኩ። በርበሬው ዓይኔን አስለቀሰኝ። መዋሸት አልፈልግም፤ ይጣፍጥ ነበር። ጨውም ነበረው።

እትዬ ሮማን መነጽራቸውን አደረጉና ማተቤን የጨበጠውን እጄን አዩት። አንቺ የዛኸሯ የብርሃኔ ልጅ አይደለሽም ወይ አሉኝ። ነኝ አልኩ። ብርሃኔ እኮ የእስላም ሥጋ በቤቷ አታስነካም ይላሉ አሉ። አፌ ዙሪያ ወጥ ነበር፤ በምን እንደምጠርገው ስላላወቅኩ አልጠረግኩትም። ወደ ሰዉ ዞሩ።

“ምን ታድርግ” አሉ፤ “የሰው ወጥ ቤት ያደገ ልጅ ያገኘውን ይጎርሳል።”

ሳቁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ተብያለሁ። ይቺን ንግግር ግን ከነድምፅዋ ይዣታለሁ። ስቀው የነበሩትን ሰዎች አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም። አንዷን ግን አውቃታለሁ። ዘሀራ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ፣ አፏን በሻርፗ ሸፍና ትስቅ ነበር።

እትዬ ሮማን ቀጥለው፣ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገብቼ ከእናቶች ጋር አልጣላም፣ ብርሃኔን ሳገኛት ደግሞ እኔው ራሴ እነግራታለሁ አሉ። ቦታውን ለዘሀራ ሰጡ። እዚያው እንደ ደንቡ የመመረጧን ወረቀት አስጻፉላት፣ ማኅተሙን መቱ። ክብ ነበር።

ስንመለስ ፖስታው ዘሀራ ጉልበት ላይ ነበር። ጋሽ ሙሄ ሁለታችንንም አንዴ አዩን፤ ከዚያ በኋላ ቀልድ አልሞከሩም። በየጊዜው አንገቴን እነካለሁ። ማተቤ እንዳለ ነው። ይሄም ራሱ አስፈራኝ። እግዚአብሔር ምናልባት ጣሪያው ከልሎት አላየ ይሆናል፤ ሲያውቅ ይበጥሰዋል ብዬ አሰብኩ። ሳምንት ሙሉ አንገቴን ይዤ ተኛሁ።

ቤት ስደርስ እማዬ እንዴት ሆነ አለችኝ። ገና አልተወሰነም አልኩ። ከዚያ ዞር ስል መስቀያው ላይ ቀሚሷን አየሁት። ከሻንጣዋ ሥር አውጥታ፣ ተኩሳ፣ ሰቅላዋለች። ማዳም ነግራታለች። እማዬ ስለ አርቡ አንዲት ቃል አላለችኝም፤ ቀሚሱ ግን ተሰቅሎ ነበር፤ ጠዋትም ማታም አየዋለሁ።

ዘሀራን አራት ቀን አላናገርኳትም። እማዬ ዘሁዬ ምን ሆነች፣ ለምን ቀረች አለች። አላውቅም አልኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በጓሮው በር መጣች። ፖስታውን ይዛለች። እኔ ድስት እየፈተግኩ ነበር።

“ማዳም አለች?” አለችኝ።

“ምን ልትሠሪ?”

“ወረቀት አምጡ ብላ የለ?”

“ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው።”

“ማዳም አማርኛ ታነባለች እንዴ?” አለች።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። አራት ቀን ሙሉ ስሜ የሌለበትን ወረቀት ሳስብ፣ ማን እንደሚያነበው አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ሳሎን አብረን ገባን። ማዳም ፖስታውን ተቀበለች፣ ወረቀቱን ዘረጋች፣ አገላበጠችው፣ መልሳ ለዘሀራ ሰጠቻት፤ አንብቢልኝ አለች። ዘሀራ ቁርኣን ቤት የተማረች ናት፤ የእሷ ዐረብኛ የእኔን ዓይነት የወጥ ቤት ዐረብኛ አልነበረም። ቀጥ ብላ ቆመች። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበች፤ የብርሃኔ ልጅ ውድነሽ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ሆና እንድትሠራ ተመርጣለች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ይበቃ ነበር። ቀጠለች። በዕለቱ የልጅቷ እናት መገኘት ግዴታ ነው። ማኅበሩ ለተከበረው ቤተሰብ ምስጋናውን ያቀርባል። ወረቀቱ ላይ የነበረው አራት መስመር ነው፤ ዘሀራ ስምንት መስመር ያህል አነበበች። ማዳም ወረቀቱን ወሰደችና ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አድርጋ አየችው።

“ወላሂ?” አለች።

ዘሀራ በሐሰት አትምልም። አባቷ ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጓት አውቃለሁ። 

“ወላሂ ማኅተም አለው” አለች።

“ኸላስ” አለች ማዳም፤ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ስንወጣ አላመሰገንኳትም። ጓሮ እንደደረስን፣ ሳቅሽብኝ አልኳት። ሁሉም ሳቀ አለች። እኔ ሳልስቅ ብቀር ጓደኛሽ መሆኔን ያውቁና ወረቀቱን ይከለክሉኝ ነበር አለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የእማዬን ማንኪያ ጠየቀች። ያለችውን ያኔ አላመንኳትም። ዛሬም የማምነው ግማሹን ነው። አራቱን ቀን አስባበት ይሆናል፤ ወይም በዚያው ሰዓት የመጣላት መልስ ይሆናል። ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም አልተመለሰችበትም።

ሦስት አርብ ዘሀራ ከአባቷ ጋር ለልምምድ ሄደች። እኔ እቤት ቆየሁ። ለማዳም ልምምድ የሚባል ነገር መኖሩን የነገራት ሰው አልነበረም። በአራተኛው አርብ እማዬ ቀሚሷን ለበሰች።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ዘሀራ ቀደም ብላ በሌላ መኪና ሄዳ ነበር። ስዌይሃን ስንደርስ እማዬ ግመሎቹን ታያለች፣ አሸዋውን ታያለች፣ አንገቷን አዙራ ያለፍነውን ሁሉ ታያለች። ሁለት ዓመት በዚህ አገር ኖራ ስዌይሃንን አይታ አታውቅም። ከዚያ በላይ መቆየት አልቻልኩም።

“እማዬ፣ የምሠራው እኔ አይደለሁም። ዘሀራ ናት” አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች፤ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሣችም። “ብትሆኚ ኖሮ ሦስት አርብ ድስት ስታጥቢ አትውዪም ነበር።”

ሌላውን ግን አልነገርኳትም። ስለ ዶሮው ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። እትዬ ሮማን ሳገኛት እነግራታለሁ ብለዋል። ዛሬ ያገኟታል። እንግዲህ እኔ ያመጣኋት እናቴ፣ እኔ ባመጣሁላት አርብ፣ ስለ እኔ ይህን ልትሰማ ነው የምትሄደው። ምነው ወረቀቱ ባልተገኘ ኖሮ ብዬ ሚኒባሱ ውስጥ ተመኘሁ።

ቴአትሩ ከቀትር በኋላ ጀመረ። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንዲት ሴት ለስላሳና ብስኩት በሳህን አዞረች፤ እማዬ ልትነሣና ሳህኑን ልትቀበላት ስትል ሴትዮዋ፣ ኧረ ቁጭ በይ፣ እኔ ነኝ የማዞረው አለቻት። እማዬ ብስኩቱን ይዛ ሳትበላው ብዙ ቆየች።

መድረኩን አላየሁም ማለት ይቻላል። ዘሀራ ስትቀምስ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሰው ሁሉ ዝም ካለ በኋላም እሷ አላቆመችም። የፈለግኩት እናቴ ተቀምጣ እንድትስቅ ነበር፤ ያስሳቀቻት ግን ዘሀራ ናት። ይህንን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ከሳቋ ሥር ደግሞ መጋረጃው ዳር የቆሙትን እትዬ ሮማንን እከታተል ነበር። እሳቸውም እኛን ሲከታተሉ አይቻለሁ።

አለቀ፤ ሰዉ ተነሣ፤ ወንበሮቹ እየተነባበሩ ወደ ግድግዳው ይሄዱ ጀመር። ሙሽራውና ሙሽሪት ሳይተያዩ በየበኩላቸው ሲወጡ አይቼ በልቤ ደነገጥኩ። እማዬ አልተነሣችም። እማዬ፣ እንሂድ አልኳት። ትንሽ እንቀመጥ አለች። ጋሽ ሙሄ ይጠብቃሉ አልኳት። ይጠብቁ አለች። እትዬ ሮማን በወንበሮቹ መካከል እየመጡ ነበር።

ሰላምታ ሰጧት። እንኳን መጣሽ አሉ፤ ሰው መሆን እንዲህ ነው አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ “ብርሃኔ፣ አልደብቅሽም” አሉ። “ይቺ ልጅሽ በፈተናው ቀን የሱፐርማርኬቱን ዶሮ አጥንቱ እስኪቀር በልታዋለች። በሠላሳ ሰው ፊት። የምታሳድጊበትን መንገድ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ።”

የእማዬን ፊት ማየት አቃተኝ። እጇን አየሁት። ጉልበቷ ላይ ነበር። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ሄደና ያዘው።

“ነግራኛለች” አለች።

“ነግራሻለች?”

“በዚያው ቀን።”

እትዬ ሮማን መነጽራቸውን አወለቁ። ታዲያ ምን አልሻት አሉ። እማዬ እሱ የእኔና የልጄ ጉዳይ ነው አለች። ድምፅዋ ከማዳም ጋር ስትነጋገር ከምታወጣው ድምፅ አልተለየም፤ ዝቅ ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ። እትዬ ሮማን ከእኛ ፊት ያለውን ወንበር አነሡና ሌላው ላይ ደረቡት። የእማዬን ወንበር ለማንሣት ሲጠብቁ፣ ቤቱን በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ማስረከብ አለብን አሉ።

“የሌላውን ሰብስቡ፣ እትዬ ሮማን” አለች እማዬ። “እኔ ገና ተቀምጬ አልጠገብኩም።”

እሳቸውም ሰበሰቡ። እኔ ለእናቴ ስለዚያ ዶሮ ነግሬያት አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላም አልጠየቀችኝም። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ እስኪቀር፣ እሷ በአንዱ፣ እኔ በሌላው ላይ፣ ተቀመጥን።